ለሁለት አልገመስ ያለችው ቀን

ተረት አለኝ። አድማጭ አለ? ካለ «አለን» በሉ። ከሌለ ለግድግዳ አላወራም፤ ተረቴን ታቅፌ እተኛለሁ። አላችሁ? እሰይ! እንግዲያው ጆሯችሁን ክፈቱ፣ አፋችሁን ዝጉ።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው፣ ዕቃ ሁሉ ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ ሳምንት ሰባት ቀን ነበረች። ሰባቱም ቀን የሥራ ቀን ነበረ። እሑድ ማረፍ የሚባል ነገር በአገሩ አይታወቅም። ቄሱ ስለ ሰንበት ሌላ ይነግሯችኋል፤ እሳቸው የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ። እኔ የምነግራችሁ በሬዎቹ የሚሉትን ነው።

በዚያ ዘመን አጥር ለአጥር የተጎራበቱ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አንዱ አያ ቢያድግልኝ፣ ሌላው አያ ይርዳው ይባላሉ። ሰነፎች አልነበሩም፤ ክፉዎችም አልነበሩም። ነገር ግን ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም፤ ቀንበር ሁለት ጫንቃ ይፈልጋል። ስለዚህ አገሬው እንደሚያደርገው መቀናጆ ገቡ። የአንዱን በሬ ከሌላው በሬ ጋር ጠምደው፣ ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን ማሳ ማረስ ጀመሩ።

የአያ ቢያድግልኝ በሬ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ኩሩ ነበር። ወንዝ ሲወርድ እንኳ ቶሎ አይጎነበስም፤ መጀመሪያ ውሃውን ገልመጥ አድርጎ ነው የሚጠጣው። የአያ ይርዳው በሬ ደግሞ ወይኖ ይባላል። ወይኖ ገር ነው፤ እግሩን ብትረግጡት ይቅርታ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው። ሁለቱ ቀንበር ከለመዱበት ቀን ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ቦራ በቀኝ፣ ወይኖ በግራ።

ገበሬዎቹ ቀኑን እንዲህ ተካፈሉት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የአያ ቢያድግልኝ ሆነ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የአያ ይርዳው ሆነ። አያ ቢያድግልኝ ሰኞ ያርሳል፤ ማክሰኞ ዋርካ ሥር ጋደም ይላል፤ ረቡዕ ወገቡ ታድሶ ይመጣና «በሉ ተነሱ! ትናንት አርፈን የለም እንዴ!» ይላል። አያ ይርዳው ማክሰኞ ያርሳል፤ ረቡዕ ጋደም ይላል፤ ሐሙስ ይመጣና «በሉ ተነሱ! ትናንት አርፈን የለም እንዴ!» ይላል።

አርፈን! ማን ነው ያረፈው? የገበሬው ወገብ ስላረፈ የበሬው ጫንቃ ያረፈ ይመስለዋል። የጠገበ፣ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሁለቱ ገበሬዎች በየተራ ያርፋሉ፤ በሁለቱ በሬዎች ግን በየቀኑ ይታረሳል።

እሑድ ደግሞ ጉድ ነበረች። ሰባት ለሁለት አይገመስማ! ስለዚህ እስከ እኩለ ቀን የአያ ቢያድግልኝ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ የአያ ይርዳው አደረጓት። አያ ቢያድግልኝ ፀሐይዋ አናት ሳትደርስ ልጨርስ ብሎ ያሯሩጣቸዋል። አያ ይርዳው ደግሞ ሳትጠልቅ ልጨርስ ብሎ ያሯሩጣቸዋል። ከሰባቱ ቀን ሁሉ የከፋችው እሑድ ነበረች። ይቺው ዛሬ የምትወዷት እሑድ!

ከዚያ ሁሉ ወይኖ ከሳ። ጫንቃው ቆሰለ። ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ቦራ ደግሞ ሰው ሳያይበት የወይኖን ድርሻ ይጎትትለት ነበር። ቀንበሩን ወደ ራሱ ያዘነብላል፤ ወይኖ ሲንገዳገድ እሱ ይገታል።

አያ ጅቦ ግን አይቷል። ጅብ እንዲህ ያለውን ነገር አያልፈውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ማዶ ቁጢጥ ይላል።

«እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ? ወይኖ፣ ዛሬስ እንዴት ነህ? ከሳህ እኮ! ሳይህ ሆዴ ይላወሳል።»

«ሆድህ የሚላወሰው ለምን እንደሆነ እናውቃለን» ይለዋል ቦራ። «ሂድ ከዚህ!»

«እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ነገ እመለሳለሁ።»

አንድ እሑድ ወይኖ በትልሙ መሃል በጉልበቱ ወደቀ። አያ ይርዳው ጅራፉን አስጮኸበት። ወይኖ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ያን ዕለት ማታ በሬዎቹ በረት ሲገቡ ሁለቱ ገበሬዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያወሩ ቦራ ሰማ።

«ይሄ በሬ አልቆለታል» አለ አያ ይርዳው።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«ክረምት ሳይገባ ለቅርጫ ይዋል። አርደን ጎረቤቱ ይካፈለው። ሥጋው ጨርሶ ሳያልቅ ነው እንጂ።»

ቦራ ማመንዠኩን አቆመ። ወይኖ ለቅርጫ! ከጎኑ የተኛውን ወንድሙን አየው፤ ወይኖ አልሰማም፤ ጭዱን እያመነዠከ አንቀላፍቷል። «አይሆንም!» አለ ቦራ በሆዱ። «እኔ በሕይወት ቆሜ ወይኖ አይታረድም።»

የእርሻ ዕቃ የሚሰቀለው እዚያው በረቱ ጥግ ነበር። ቦራ በመጀመሪያ ወደ ጅራፍ ሄደ።

«አያ ጅራፍ፣ ወይኖ ሊታረድ ነው። አንዲት የእረፍት ቀን ብናገኝ ይድናል። ምን ትመክረኛለህ?»

«እረፍት?» ጅራፍ ተንጣጣ። «እረፍት ምን ያደርግላችኋል? ሰባቱን ቀን የምለፋው እኔ አይደለሁም? ጀርባችሁ ላይ ስወድቅ የሚያመው እኔን! የምጮኸውስ ማን ነው?»

ይታያችሁ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው በከንቱ አይደለም። ቦራ ትቶት ወደ ማረሻ ሄደ።

«እመት ማረሻ፣ ወይኖ ሊታረድ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

«ምን ልምከርህ ወንድሜ» አለች ማረሻ። «ከቀጥቃጭ ቤት ስወጣ የክንድ ያህል ነበርሁ፤ ዛሬ ጣት አክያለሁ። ሰባት ቀን ድንጋይ ሳኝክ ማን አዘነልኝ? ብረት ሲደክመው አይወድቅም፤ ይደንዛል እንጂ። እናንተስ ስትወድቁ ያዩአችኋል። እኔን ማን ያየኛል?»

ቦራ እሷንም ትቶ ወደ ቀንበር ሄደ። ቀንበሩ ሽማግሌ ነው፤ ከሁለት ትውልድ በሬ ጫንቃ ላይ ተቀምጧል።

«አባ ቀንበር፣ ወይኖ ሊታረድ ነው። እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

የቀንበሩ እንጨት ቀጭ አለና ተናገረ።

«ቦራ ልጄ፣ እኔ በሁለታችሁም ጫንቃ ላይ ነው የምቀመጥ። ማን እንደደከመ፣ ማን የማንን ድርሻ እንደሚጎትትም አውቃለሁ። ስማኝ። እረፍት ብለህ አትለምን። ለለመነ በሬ እረፍት የሰጠ ገበሬ አላየሁም፤ ‹ሰነፈ› ብሎ ይጨምርበታል እንጂ። አንተ ጠይቅ።»

«ምን ብዬ?»

«‹ዛሬ የማን ነኝ?› ብለህ። ለስድስቱ ቀን መልስ አላቸው። ሰባተኛዋን ግን በግድ ገምሰዋታል፤ መሃሏ ላይ ስንጥቅ አለ። እንጨት የሚፈለጠው ደግሞ በስንጥቁ በኩል ነው።»

ቦራ ገባው። ሰኞን አረሰ፣ ማክሰኞን አረሰ፣ ሁሉንም እያረሰ እሑድን ጠበቀ።

እሑድ ደረሰች። አያ ቢያድግልኝ እስከ እኩለ ቀን አሯሯጣቸው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቃረብ በሬዎቹ የሁለቱ ማሳ ወሰን ላይ ደረሱ። ቦራ ወደ ወይኖ ዘንበል ብሎ «ስተኛ ተኛ» አለው። ጉልበቱን አጥፎ እዚያው ወሰኑ ላይ ዘፍ አለ። ወይኖማ ምን ቸግሮት፣ እሱም ዘፍ አለ። ጭንቅላታቸው በአያ ይርዳው ማሳ፣ ጅራታቸው በአያ ቢያድግልኝ ማሳ ሆነ።

«ተነሱ!» አለ አያ ቢያድግልኝ። «አንድ ትልም ይቀረኛል!»

«ምን ትልም አለህ?» አለ አያ ይርዳው እየሮጠ መጥቶ። «ፀሐይዋ አናት ላይ ናት! ከአሁን ወዲያ የኔ ነው!»

«አናት ላይ ናት? ያንተ አናት ዘሞ ይሆናል እንጂ ለኔ ገና ናት!»

አያ ቢያድግልኝ ጅራፉን ወደ ወይኖ አነሳ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለ አያ ይርዳው። «የኔን በሬ? በኔ ተራ?»

አያ ይርዳው ደግሞ ዱላውን ወደ ቦራ አነሳ።

«አንተም እጅህን ሰብስብ!» አለ አያ ቢያድግልኝ። «የኔን በሬ? በኔ ሰዓት?»

ያኔ ቦራ አንገቱን ቀና አደረገ። «ጌቶቼ፣ እንቢ አላልንም። እንነሳለን። አንዲት ነገር ብቻ ንገሩን፤ አሁን የማን ነን?»

«የኔ!» አለ አንዱ።

«የኔ!» አለ ሌላው።

«ተስማሙና ንገሩን። እስከዚያ እዚሁ ነን» አለ ቦራ፤ ማመንዠክም ጀመረ።

እናንተ ሆዬ! ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ፣ የአያት የቅድመ አያት ወሰን ተነሳ። ፀሐይዋ ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ ወደ ምዕራብ ሸርተት አለች። ይሄን ጊዜ ከቁጥቋጦው ውስጥ አያ ጅቦ ብቅ አለ።

«ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሽበቴን አታዩም? እኔ ልዳኛችሁ።»

ገበሬዎቹ በንዴት ዓይናቸው ታውሮ ነበርና «ዳኘን!» አሉት።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ቀኗ አልገመስ ካለች በሬው ይገመስ። ወይኖን እረዱና እኩል ተካፈሉ። አጥንቱ ለዳኛ። ጠቡም አለቀ!»

አያ ይርዳው አናቱን አከከ። «እንደው… የታሰበም ነበር።»

አያ ቢያድግልኝም «እንግዲህ…» አለ።

ወይኖ ሰማ። ዓይኑን ወደ ቦራ አዞረ። ቦራ ያቺን አስተያየት እስኪሞት ድረስ አልረሳትም። ብድግ ብሎ ቆመ፤ ቀንዱም ሽቅብ ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ ፍርድህን ሰማን። አሁን እኔም እናገራለሁ። እሑድ ለብቻዋ የአያ ቢያድግልኝ አልሆነችም። ለብቻዋም የአያ ይርዳው አልሆነችም። ባለቤት የሌላት ቀን ከሆነች ለእኔና ለወይኖ ትሁን። ስድስቱን ቀን እናርስላችኋለን። በመኸር አውድማው ከአምናው ካነሰ፣ ወይኖን ብቻ አይደለም፣ እኔንም አብራችሁ እረዱኝ!»

«ቦራ! አብደሃል?» አለ ወይኖ።

«ዝም በል አንተ፤ ኩራቴን አታበላሽብኝ» አለው ቦራ።

ጅብ ይህን ሲሰማ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ባንድ በሬ ፈንታ ሁለት! «መልካም ነገር ነው! መልካም! ዋሱ ማን ይሁን?»

«አንተው ሁን» አለ ቦራ። «ውሉ ግን እንዲህ ነው። ከሁለቱ ወገን የተረታውን፣ ቃሉንም ያፈረሰውን፣ ዋሱ ይውሰደው።»

«ይሁን!» አለ ጅብ።

«ይሁን! ይሁን!» አሉ ገበሬዎቹ። እጅ ለእጅ ተማቱ። የሚረታው በሬው ብቻ መሰላቸው። ሰው ሲምል የሚያስበው ስለሌላው ነው፤ ቃሉ እሱንም እንደሚይዘው ትዝ አይለውም።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ፤ ስድስቱ ቀን አለፈ፤ የመጀመሪያዋ የእረፍት እሑድ መጣች። ቦራና ወይኖ መስኩ ላይ ተጋደሙ። ፀሐይ ስትወጣ አዩ፤ አናት ስትደርስ አዩ፤ ስትጠልቅም አዩ። ሙሉ ቀን! ከዚያ በፊት የፀሐይን መንገድ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ወይኖ ቁስሉን ላሰ። ቦራ ደስታውን ሊሰውር አልቻለም፤ ኮርማ እንደነበረበት ጊዜ አጓራ።

ሰኞ ሲጠመዱ ትልሙ ጠለቀ። ማክሰኞም ጠለቀ። የወይኖ ጫንቃ ቀስ በቀስ እያገገመ ሄደ።

ከዚያ ክረምቱ ጀመረ፤ ዝናቡም ወረደ። ገበሬ ዝናብ ሲያይ ልቡ አይረጋም። አንድ እሑድ አያ ቢያድግልኝ በማለዳ ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ መስኩ መጣ። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። «አፈሩ ሳይጨቀይ።» አያ ይርዳው በአጥሩ ቀዳዳ አየው። «ሄይ! እሑድን ለብቻህ ልትበላት ነው?» ብሎ ጮኸበት። አያ ቢያድግልኝ አፍሮ ተመለሰ።

በሌላው እሑድ አያ ይርዳው መጣ። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። አያ ቢያድግልኝ ጣራ እያደሰ ነበርና ከላይ ሆኖ አየው። «ሌባ! እሑድን ልትሰርቅ ነው?» አለው። አያ ይርዳውም አፍሮ ተመለሰ።

በሦስተኛው እሑድ ግን ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። ተስማምተው! አንዱ ቀንበሩን፣ ሌላው ሞፈሩን ተሸክመዋል። ጅራፉም በደስታ ይወናጨፋል። ወይኖ ይህን አይቶ ወደ ቦራ ተጠጋ። እስከዚያ ያዳናቸው የሁለቱ ምቀኝነት ነበር፤ ዛሬ ምቀኝነቱ የለም።

«ቦራ፣ አለቀልን» አለ።

«ገና ነው» አለ ቦራ። ወደ ገበሬዎቹ ቀረበና ጫንቃውን ራሱ ለቀንበሩ አዘነበለ። «ጥመዱን ጌቶቼ። ምንም አንልም። እኔ የማዝነው ለእናንተ ነው።»

«ለኛ? ለምን?»

«ዋሳችን እዚያ ተቀምጧላ።»

ዞረው አዩ። አያ ጅቦ ከአጥሩ ማዶ ቁጢጥ ብሏል። ዓይኑ ያበራል። በሬዎቹን አይደለም የሚያየው፤ የአያ ቢያድግልኝን ባት ነው የሚያየው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ጅብ በለሰለሰ ድምፅ። «ቃሉን ያፈረሰውን ዋሱ ይውሰደው ተብሎ የለ? እኔ ሥጋ አልመርጥም። በሬም ይሁን፣ ሰውም ይሁን… ጥመዱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ወይ ጉድ! አያ ይርዳው ሞፈሩን ጣለ። አያ ቢያድግልኝ ቀንበሩን ጣለ። «እሑድ እኮ ናት!» ተባባሉ፤ «እሑድ ማን ያርሳል? ዕቃውን ልናናፍሰው ነው ያወጣነው!» ብለው ወደየቤታቸው ፈረጠጡ። ሣሩ ላይ የተጋደመው ቀንበር ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ አባ ቀንበር እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድን የነካት የለም። ገበሬዎቹም ሳያስቡት ለመዱት። አያ ቢያድግልኝ ልጆቹን ስማቸውን ሳያምታታ መጥራት ጀመረ። አያ ይርዳው የታመመች እህቱን ከወንዝ ማዶ ሄዶ ጠየቀ። መኸር ደረሰ፤ አውድማው ተለቀለቀ፤ እህሉ ተወቃ። የሁለቱም ጎተራ አፉ ድረስ ሞላ። አምና ግማሽ ነበረ።

አያ ጅቦ እየሮጠ ደረሰ። «ማን ተረታ?»

«ማንም» አሉት።

«ቃሉን ማን አፈረሰ?»

«ማንም።»

«እኔ ታዲያ ማንን ልውሰድ?»

«መንገድህን ውሰድ!» አለው ቦራ። ጅብ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመንደሩ ጥግ «አውው» እያለ የሚዞረው ያን የዋስነት ድርሻውን ሲጠይቅ ነው። የሰጠው የለም።

ተረቱ ያለቀ መሰላችሁ? ተቀመጡ!

በቀጣዩ ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ አያ ይርዳው ሲያርስ ማረሻ አፈሩን አልነክስ አለች። ቢጫናት አልነክስ አለች።

«ደንዣለሁ» አለች። «ለበሬዎቹ እሑድ ተገኘላቸው፤ ለኔስ? ቀጥቃጭ ቤት ውሰደኝና ልሳል። በየቅዳሜው።»

«ቅዳሜ የኔ ቀን ናት!» አለ አያ ይርዳው።

«የደነዝሁት በሁላችሁም ቀን ነው። ቅዳሜን ብትምረኝ፣ የቀረውን ቀን እኔ ብቻዬን እክስሃለሁ።»

አያ ይርዳው እያጉረመረመ ወሰዳት። ተስላ ስትመለስ አፈሩን እንደ ቅቤ ቆረጠችው፤ የስድስቱ ቀን ሥራ በአምስት ቀን ተጠቀለለ። አያ ይርዳው ግን ከፋው። «አሁን ቢያድግልኝ ሦስት ቀን አለው፤ እኔ ሁለት። ይሄ ምን ፍርድ ነው?» አለ። አምስትም እንደ ሰባት ናት፤ ለሁለት አትገመስም። ሁለቱ ገበሬዎች ደግመው ሊያያዙ ሆነ።

ይሄን ጊዜ፣ ለገበሬዎቹ አንድም ቃል ተናግሮ የማያውቀው ወይኖ ተናገረ። «ዓርብ ትረፍ» አለ። «ትርፏን ቀን ለእማማ አልጋነሽ እናርስላቸው።»

እማማ አልጋነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ በሬ የሌላቸው ጎረቤት ናቸው። መሬታቸው ከሁለቱ ማሳ አጠገብ ስንት ዓመት ጦም አድሯል። ገበሬዎቹ በየቀኑ ያዩታል፤ አይተውት ግን አያውቁም። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። አያ ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ «ይሁን» አለ። አያ ይርዳውም «ይሁን» አለ። ቦራ ወንድሙን አየውና ደረቱ በኩራት ተነፋ። አንድ ጊዜ በጉልበቱ የወደቀ በሬ ነው እንዲህ የተናገረው!

ዓርብ ሲደርስ አያ ቢያድግልኝ ጅራፉን ይዞ መጣ። እማማ አልጋነሽ ከበራፋቸው ላይ እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱን ውጭ ተወው! ሊረዱኝ የመጡትን እያስገረፍሁ እህል አልበላም!» አሉ። ጅራፍ ያን ቀን አጥር ላይ ተሰቀለ፤ ፀሐይ መታው፣ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። ሲደርቅም ጮኸ፤ ልማዱ ነው።

እንግዲህ እናንተ አምስት ቀን ሠርታችሁ ቅዳሜና እሑድን የምትዘረሩ ሁሉ፣ ያ ነገር ከሰማይ ዱብ ያለ እንዳይመስላችሁ። በሬ ነው ያመጣው። ዛሬ ደግሞ ሳምንቱ አራት ቀን ይሁን የሚሉ አሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ምን ቸገረኝ! ብቻ ልመና እንዳትገቡ፤ አባ ቀንበር ያለውን ሰምታችኋል።

ዓመታት አለፉ። ቦራና ወይኖ አረጁ። ሻኛቸው ጎበጠ፤ ቀንበሩን ለወጣት በሬዎች ለቀቁ። ለቅርጫ ያሰባቸው የለም። ማን ደፍሮ! ቀን ቀን መስኩ ላይ ይጋደማሉ፤ ቦራ በቀኝ፣ ወይኖ በግራ።

አንድ እሑድ ማለዳ አያ ቢያድግልኝ እቅፍ ሙሉ ለምለም ሣር ይዞ መጣ። አያ ይርዳውም በዚያ በኩል እቅፍ ሙሉ ሣር ይዞ መጣ። የድሮው ወሰን ላይ ተገናኙ።

«ዛሬ የማበላቸው እኔ ነኝ!» አለ አያ ቢያድግልኝ።

«ያንተ ሰኞና ረቡዕ አይደለም? ዛሬ የኔ ተራ ነው!»

«በምን ሒሳብ? ዛሬ እሑድ ናት!»

«እሑድ ከሆነችማ ያንተም አይደለችም!»

ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ፣ የአያት የቅድመ አያት ወሰን ተነሳ። ሣሩ በእቅፋቸው ጠወለገ። ሲደክማቸው ወደ ሽማግሌው በሬ ዞሩ።

«አንተ ፍረደን ቦራ» አሉ። «ዛሬ የማን ነህ?»

ቦራ ቶሎ አልመለሰም። መጀመሪያ ሁለቱንም ገልመጥ አደረጋቸው። ያ የግንባሩ ነጭ በማለዳው ፀሐይ አበራ።

«ዛሬ የራሴ ነኝ» አለ። «ሣሩን ግን ሁለታችሁም አስቀምጡት።»

እረፍት የለመነ ሥራ ተጨመረለት፤ «የማን ነኝ?» ያለ ቀን ወጣለት። ተረቴን ከቀንበር ፈታሁት፤ ሣሩን እናንተ አቅርቡለት።